ከጅማ ሶፍ ዑመር በኮስተር፦ መንገዱ፣ ወንዙና የመኪናው ዝግጅት

ሂርማታ_04 (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ወንበሮቹ ወጥተው ቤት የተሠራበት ኮስተር አለን። ሁለት አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ፣ ከኋላ በኩል ደግሞ 200 ሊትር ሮቶ ተገጥሞለታል። ሞተሩ 1ኤችዜድ ናፍጣ ነው፣ ቱርቦ የለውም። በጥር ከጅማ ተነስተን ወደ ባሌ ልንወጣ አስበናል፤ ዋናው መድረሻችን የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። አምስት ሰዎች ነን። ልጆቹ 8 እና 12 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብረውን ይሄዳሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

በሶዶ ይሻላል ወይስ በአዲስ አበባ? የት የት ይታደራል? ዋሻው ውስጥ ወንዝ መሻገር አለ ይባላል፣ ለልጆች ይሆናል? ለመብራትና ለጫማ ምን እንያዝ? ከመነሳታችን በፊትስ መኪናው ላይ ምን ይታይ? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ብትመልሱልኝ።

ናፍጣ_ብቻ

በሶዶ ሂዱ። በአዲስ አበባ ካላችሁ እስከዚያ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከዚያ እስከ ሮቤ ሌላ 430 ገደማ ነው፤ የከተማውን መጨናነቅ ሳንቆጥር። በሶዶ የሚሄደው መስመር ጅማ፣ ጭዳ፣ ተርጫ፣ ሶዶ፣ ሐላባ፣ ሻሸመኔ፣ ኮፈሌ፣ ዶዶላ፣ አዳባ፣ ዲንሾ፣ ሮቤ ነው። ያጥራል፣ ግን ጠመዝማዛ ስለሆነ ፍጥነት አታስቡ። የመጀመሪያውን ቀን ሶዶ ላይ ጨርሱት። ሁለተኛውን ዶዶላ ወይም አዳባ፣ ሦስተኛውን ሮቤ እደሩ። በየትኛውም ቀን ከ11 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኙ። ከብቱና ጋሪው የሚበዛው ያኔ ነው፣ በዚያ ላይ መብራት የሌለው ካሚዮን አለ። የየቀኑን የመንገድ ሁኔታ ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ከፊታችሁ ካለው ከተማ የመጡ ሾፌሮችን ጠይቁ፤ ከእነሱ የተሻለ መረጃ የለም።

በዚህ መስመር የሚያስቸግረው ቁልቁለቱ ነው። ጎጀብንም ኦሞንም ለመሻገር ረጅም ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ ትወጣላችሁ። ቤት የተሠራበት ኮስተር ደግሞ ሰው ሲጭን እንደነበረው አይደለም፤ ተሳፋሪ ይወርዳል፣ አልጋና ሮቶ አይወርድም። ደንቡ ያው የድሮው ነው፦ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አስገብተህ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን እየነካካህ ከመውረድ ጠንከር አድርገህ ይዘህ ፍጥነቱን ቀንስና ልቀቀው፣ በመሃል ይቀዘቅዛል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም ፔዳሉ ወደ ታች መስመጥ ከጀመረ ዳር ያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። የጋለ የፍሬን ታምቡር ላይ ውሃ አይፈስም፣ ይሰነጠቃል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ ወይም ሞተር አጥፍቶ መልቀቅማ ጨርሶ አይታሰብም፤ ሞተሩ ሲጠፋ የፍሬኑ አጋዥም አብሮ ይጠፋል።

ይህን ሁሉ ለመሞከር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መኪናውን ልክ ለጉዞ እንደሚጫን ጫኑት፣ ውሃውም ጋዙም ሰውም ሳይቀር። ከዚያ ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ውጡና ውረዱ። ስትወጡ የሙቀት መለኪያውን፣ ስትወርዱ ፍሬኑን እዩ። እዚያች ዳገት ላይ ከሞቀ ኦሞ ላይ ይፈላል።

ከሮቤ ሶፍ ዑመር በጎሮ በኩል መቶ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ከጎሮ ወዲያ አስፋልት አትጠብቁ። ሮቤ ላይ ታንኩን ሙሉት፤ በኮረኮንች በመቶ ኪሎ ሜትር 16 እስከ 20 ሊትር ይፈጃል ብላችሁ ስታስቡ ደርሶ መልሱ 40 ሊትር ገደማ ነው። ጎሮ ላይ እንቀዳለን ብላችሁ አትውጡ። ክፍያው በስልክ ስለሆነ ኔትዎርክ ሲጠፋ ናፍጣ እያለ መቅዳት የማይቻልበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ በተገኘበት ቅዱ።

ኮረኮንቹ ከመጀመሩ በፊት ከጎማው ንፋስ ከአሥር አስራ አምስት በመቶ በላይ አትቀንሱ። አስፋልት ላይ ስትመለሱ የሚነፋ የራሳችሁ ኮምፕሬሰር ከሌለ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፣ የለሰለሰ ጎማ አስፋልት ላይ ግሎ ይፈነዳል። የኋላው ድርብ ስለሆነ ሁለቱ መሃል ድንጋይ ይሰነቀራል፤ በቆማችሁ ቁጥር ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ካለ በብረት ፈልቅቁት። ስኮርታ ሁለት ያዙ። ክሪኩ የሚቆምበት ጠፍጣፋ ጣውላም አትርሱ፣ ለስላሳ መሬት ላይ ክሪኩ ይሰምጣል እንጂ መኪናው አይነሳም።

ሌላው የኮስተር ድክመት ጀርባው ነው። ከኋላ ጎማ ወዲያ ብዙ ስለሚተርፍ ጎድጎድ ያለ ቦታ ስትወጡ መከላከያው መሬት ይስማል። በሰያፍ፣ በቀስታ ግቡ። መንደሩ ከደረሳችሁ መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ወደ ወንዙ የሚወርደው በእግር ነው። አሸዋው ድረስ ላውርድ የሚል ሾፌር ቀኑን በቁፋሮ ያሳልፋል።

ባሌ_ዱካ

ከላይ ስለ መንገዱ የተባለው ልክ ነው። ዋሻው ላይ ልሂድ።

ሶፍ ዑመርን በአምፖል የበራ፣ የብረት መደገፊያ ያለው ደረጃ የተሠራለት ዋሻ አድርጋችሁ ካሰባችሁ ሐሳቡን ተዉት። የዌይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ሰርስሮ ያለፈበት ቦታ ነው፣ ወንዙም ዛሬም ውስጡን ይሄዳል። መተላለፊያዎቹ ሁሉ ተደምረው 15.1 ኪሎ ሜትር ነው፤ በኢትዮጵያ ረጅሙ ዋሻ እሱ ነው። 42 መግቢያ እንዳለው ይነገራል፣ ለሰው የሚያገለግሉት ግን ጥቂት ናቸው። ጎብኚ በተለምዶ የሚሄደው ወንዙ ከሚገባበት ከአዬው ማኮ እስከ ሚወጣበት ሆሉቃ ያለውን 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓምዶቹና ከፍ ያለው ጣሪያ እዚህ ውስጥ ናቸው። ይህን ለመጨረስ በደረቅ ወራት ወንዙን ሰባት ጊዜ ያህል መሻገር ይጠይቃል።

ስለዚህ የምትወስኑት በወንዙ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ጥሩ ነው፣ ጥር መምረጣችሁ ደግ ነው። በልግ ከገባ፣ ማለትም ከመጋቢት ጀምሮ፣ እንዲሁም በክረምትና በመጸው ዝናብ ውስጡን አቋርጦ ማለፍ አይታሰብም፤ ከመግቢያው ዓይቶ መመለስ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰማይ ዓይቶ መግባቱ ነው። ዌይብ የሚነሳው ከባሌ ተራሮች ነው። ዋሻው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ቆላ ነው፤ እዚያ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ደጋው ላይ ማታ የጣለው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ዋሻው ውስጥ ይደርሳል። ስለዚህ ሮቤ ያደራችሁበት ሌሊት ከዘነበ የዋሻውን ቀን በአንድ ቀን ግፉት። መንደሩ ስትደርሱም ልጆቹን፣ ሽማግሌዎቹን ውሃው ከትናንት ጨምሯል ወይ በሏቸው። ጅማ ላይ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ እዚያም ይሠራል፣ አስተርጓሚ አያሻችሁም።

ውስጥ ከገባችሁ በኋላ መጀመሪያ መሻገሪያው ጋ ውሃው ዳር አንድ ድንጋይ ምረጡና የውሃው ጠርዝ የት እንደሚነካው በኖራ ወይም በጭቃ ምልክት አድርጉ። ስትመለሱ ምልክቱ ውሃ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ውሃው ወተት እንደገባበት ቡና ከደፈረሰ፣ ወይም ቅጠልና ጭራሮ እያንሳፈፈ ከመጣ እየሞላ ነው። ያኔ መሻገሪያው በእናንተና በመውጫው መሃል ከሆነ ወደ ወንዙ አትግቡ። ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ይዛችሁ እስኪጎድል ጠብቁ፣ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሊትር ውሃ፣ በሶ ወይም ብስኩት፣ ቀጭን ሹራብ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚያዘው። መኪናው ጋ ለሚቀሩት ደግሞ የመውጫ ሰዓት ንገሩ። 3 ሰዓት ከገባችሁ 8 ሰዓት ካልወጣን ለመንደሩ ሰው ንገሩ ብላችሁ ግቡ።

አሻጋገሩ፦ ወገብ ያህል የሚደርስ ጠንካራ በትር ያዙ፣ ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፣ በጎን በጎን ሂዱ። በትሩና ሁለቱ እግሮች ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ ሁለቱ መሬት ሳይዙ ሦስተኛው አይነሳም። ጠንካራው ሰው ከላይ በኩል ሆኖ ውሃውን ይሰብራል፣ ልጁ ከእሱ በታች በኩል ክንዱን ይዞ ይሄዳል። ልጅ በጀርባ አዝሎ መሻገር ደህና ይመስላል፣ ግን የተሸካሚው ሚዛን ወደ ላይ ስለሚወጣ አንድ አልጌ የያዘ ድንጋይ ሁለቱንም ይጥላቸዋል። ገመድ ወገብ ላይ አስሮ መግባትም እንዲሁ ነው። የወደቀን ሰው ገመዱ ከያዘው ውሃው ወደ ታች ይጫነዋል፣ ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም። ገመድ ከተወጠረ በእጅ የሚያዝ ይሁን።

ለ8 ዓመቱ ልጅ መለኪያው እንዲህ ይሁን፦ አስጎብኚው መጀመሪያ ይግባ። ውሃው የአስጎብኚውን ጉልበት ካለፈና ከፈጠነ ልጁ እዚያው ይቁም። 12 ዓመት የሆነው ዋናተኛ ከሆነና ውሃው ከጭኑ በታች ከሆነ ይሄዳል። ከመግቢያው እስከ መጀመሪያው መሻገሪያ ያለውም ቢሆን ለትንሽ ልጅ ይበቃዋል። አንድ ትልቅ ሰው ከእሱ ጋር እንዲቀር ከመጀመሪያው ተስማሙ፤ ውስጥ ገብቶ መጨቃጨቅ አይሆንም።

ጫማ፦ ሸበጥ አይሆንም። ቆዳ ቡትስ ውሃ ይዞ ይከብዳል። ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ ጎርባጣ የሆነ ሸራ ጫማ ከካልሲ ጋር ይበቃል። ኮንጎ ጫማ ውሃ ያወጣል፣ ሶሉ ካለቀ ግን ኖራ ድንጋይ ላይ ሳሙና ነው።

መብራት፦ በእያንዳንዱ ሰው ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ 200 ሉመን ቢሆን ደግ ነው። ሌላ መጠባበቂያ የእጅ ባትሪ በኪስ፣ ተለዋጭ የባትሪ ድንጋዮች በላስቲክ። ስልክ ከመብራት አይቆጠርም። እጅ ይይዛል፣ እጅ ደግሞ ለበትሩ ያስፈልጋል፣ በዚያ ላይ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ለራስ የግንባታ ሠራተኛ ሄልሜት ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ ማሰሪያ ከሌለው ጎንበስ ሲሉ ወንዙ ይወስደዋል።

የሌሊት ወፍ አለ። አትንኩ፣ ብርሃን አታፍጡባቸው። ኩሳቸው የደረቀበት ጠባብ ክፍል ውስጥ አትግቡ። አቧራው ውስጥ የሚኖር ፈንገስ ሳንባ ያሳምማል፤ አየር የሚንቀሳቀስበት የወንዙ መስመር ይሻላል፣ ኤን95 ጭምብል ደግሞ ኪስ አይሞላም። በ2007 መጨረሻና በ2008 እ.ኤ.አ. ዩጋንዳ ውስጥ ፓይተን በሚባል ዋሻ የፍራፍሬ የሌሊት ወፎች ጋ የገቡ ሁለት ቱሪስቶች ማርበርግ የሚባል ገዳይ ቫይረስ ይዟቸው አንዷ ሞታለች። እንግዲህ ከተነከሳችሁ ወይም ከተቧጠጣችሁ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ታጥባችሁ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወዲያው ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከወጣችሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ ትኩሳት ቢመጣ ሐኪሙን ዋሻ ገብተን ነበር በሉት። ቆላ ስለሆነ ወባም አለ፣ አጎበር ያስፈልጋል።

ደግሞ ቦታው በሼክ ሶፍ ዑመር ስም የሚጠራ፣ ሙስሊሞች የሚያከብሩት ነው። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፣ መጠጥና ሲጋራ አይግባ፣ ሰው ሲጸልይ ፎቶ አይነሳ። የአስጎብኚውን ዋጋ ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ፣ የመግቢያ ክፍያ ላይ ደረሰኝ ጠይቁ።

ሀያ_አራት_ቮልት

ጥያቄው ላይ "12 ቮልት ፍሪጅ" እና "ከኋላ 200 ሊትር ሮቶ" የሚለውን ሳይ ነው ልጽፍ የተነሳሁት። ሁለቱም ላይ ችግር አለ።

የኮስተሩ መስመር 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ታስሮ። ፍሪጁ ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ተስቦለት ከሆነ (አብዛኛው ኤሌክትሪሺያን የሚያደርገው ይህንኑ ነው) ሁለቱም ባትሪዎች ሊበላሹ ነው። ዳይናሞው የሚያየው የሁለቱን ድምር፣ 28 ቮልት ገደማ፣ ብቻ ነው። ፍሪጁ የሚስበው ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይቀራል፣ ያልተነካው ደግሞ ከመጠን በላይ ተሞልቶ ይፈላል፣ አሲዱ ይደርቃል። መልቲሜትር አምጡና ሌሊቱን ቆሞ ባደረ መኪና ላይ ሁለቱን ለየብቻ ለኩ። ከ0.2 ቮልት በላይ ከተለያዩ ነገሩ ጀምሯል። መፍትሔው ባለ 20 አምፔር ከ24 ወደ 12 ቀያሪ መግጠም፣ ወይም የቤቱን ዕቃ ጨርሶ ለይቶ በራሱ ባትሪና ሶላር ላይ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ይሻላል፤ ፍሪጁ ሲጨርሰው ሞተሩ አሁንም ይነሳል።

ሂሳቡ፦ ትንሽ የኮምፕሬሰር ፍሪጅ 45 ዋት ያህል እየሳበ ከቀኑ አርባ በመቶውን ቢሠራ 430 ዋት-ሰዓት ነው። መብራትና ስልክ ሲጨመር 530። መቶ አምፔር-ሰዓት የሆነ የተለመደ ባትሪ ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙበት ይሻላል፣ ያም 600 ነው። አንድ ቀን ማለት ነው። 200 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ካገኘ ይህን ይመልሰዋል። ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፣ በሽቦው ማዶ ጫፍ ላይ ያለ ፊውዝ ሽቦው ሲፋቅ አያድንም።

ሮቶው፦ ከኋላ ጎማ አንድ ሜትር ወዲያ ከተቀመጠ፣ የሁለቱ ጎማ ርቀት አራት ሜትር ስለሆነ፣ 200 ኪሎው የኋላውን በ250 ኪሎ ይጭነዋል፣ የፊቱን በ50 ኪሎ ያነሳዋል። መሪው ቀለል ብሎ ይዋልላል። ኮረኮንች ላይ ደግሞ ክብደቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ ይሰብራል። ወደ መሃል አምጡት፣ ካልተቻለ 80 ሊትር ብቻ ሙሉ። ለአምስት ሰው በቀን አሥር አሥር ሊትር ቢታሰብ 50 ነው፤ በየማደሪያው እንደገና ይቀዳል። ከቡና መጋዘኖቹ አንዱ ጋ ካሚዮን ሚዛን ላይ ለምናችሁ አስወጡት፦ መጀመሪያ የፊት ጎማ ብቻ፣ ከዚያ ሙሉውን። ሊብሬው ላይ ካለው ጠቅላላ ክብደት ጋር አስተያዩ። ሊብሬው አሁንም የሕዝብ ማመላለሻ የሚል ከሆነና ወንበሩ ከወጣ ኬላ ላይ ያስጠይቃል፣ ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ ለውጡን ሳታስመዘግቡ አትውጡ።

አሁን ዋናው። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፣ በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ራዲያተር ውስጥ ንጹህ ውሃ ብቻ ካለ አንቲፍሪዝ ቀላቅሉ። የጋዙ ሲሊንደር ቡታን የበዛበት ከሆነ በዜሮ ዲግሪ አካባቢ መትነን ያቆማል፤ ሲያወዛውዙት ሙሉ ነው፣ ምድጃው ግን አይነድም። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ጠቅልሉበት፣ እሳት አታስጠጉት። ውሃም እዚያ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባቄላና ምስር በተራ ድስት ቶሎ አይበስልም፣ የግፊት ድስት ያዙ።

ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። ቡናው ውጭ ይፈላ፣ ሰዎቹም ውጭ ይጠጡ። ማታ ብርዱ ሲጠና ምድጃው ላይ የቀረችውን ፍም ለሙቀት ብሎ አስገብቶ መስኮት መዝጋት አምስቱንም በእንቅልፍ ይገድላል። የፍሙ መርዛማ ጋዝ ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይደር። የሲሊንደሩ ሳጥን ወለል ላይ ወደ ውጭ የሚያወጣ ቀዳዳ ይኑረው፣ የሚያፈስ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይጠራቀማል። የጎማ ቱቦውን በሳሙና ውሃ ፈትሹ፤ አረፋ ካወጣ ወይም ሲታጠፍ ከተሰነጠቀ ቀይሩት።

ሂርማታ_04

በጣም አመሰግናለሁ። ባትሪውን ለካሁት፣ 12.7 እና 12.2 ነው፤ ነገሩ ጀምሯል። ሁለት ነገር ልጨምር። እናቴ ዋሻው ውስጥ ካልገቡ የት ይቆዩ? ከሶፍ ዑመር መልስስ ኮስተሩን የባሌ ተራሮች አናት ላይ ወዳለው ሳነቴ አምባ ማውጣት ይቻላል?

ባሌ_ዱካ

እናትህ እስከ አዬው ማኮ መግቢያ ድረስ በቀስታ ሊወርዱ ይችላሉ፣ ግን መውረዱ ሳይሆን መውጣቱ ነው ለጉልበት የሚከብደው። በሁለት ሰው ድጋፍ ጠዋት በቀዝቃዛው ይውረዱ፣ ተጣጣፊ ወንበር ይዛችሁላቸው ጥላው ሥር ይቀመጡ። ቀትር ላይ መኪናው ውስጥ አስቀምጣችኋቸው አትሂዱ፤ ቆላ ነው፣ የቆመ ኮስተር ይጋግራል። ከእሳቸው ጋር የሚቀረው ትልቅ ሰው ትንሹንም ልጅ ይይዝላችኋል፣ የመውጫ ሰዓቱንም የሚጠብቀው እሱ ይሁን።

ናፍጣ_ብቻ

ሳነቴ መንገዱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ስልሳ በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ የሚገባው አየር ሲያንስ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ይወርዳል። ዝቅ ባለ ማርሽ፣ ፔዳሉን ጭሱ እስከሚጠፋ ድረስ መልሶ ከተነዳ ይወጣል። ሲረግጡት ጉልበት አይጨምርም፣ ጭስና ሙቀት ብቻ ይጨምራል። ግን ሮቶውን ባዶ አድርጉ፣ የማያስፈልገውን ዕቃ ጎባ አስቀምጡ፣ ጠዋት ውጡና ከቀትር በኋላ ጎባ ተመለሱ፤ ላይ አትደሩ። ቱሉ ዲምቱ ጫፍ (4,377 ሜትር) የሚያወጣውን ቅርንጫፍ መንገድ ለኮስተር አልመክርም፣ የኋላ መከላከያው እዚያ ይቀራል። እናትህ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ካለባቸው ጎባ ይቆዩ። ያቺን 12.2 ባትሪ ደግሞ ከጅማ ሳትወጣ ለየብቻ ቻርጅ አስደርጋት፤ ሞልታ አድራ ከ12.5 በታች ከወረደች ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ቀይር፣ አሮጌና አዲስ አብሮ አይታሰርም።